የሚገድለው ሌላ፣ የሚገድበው ሌላ

እንደምን ዋላችሁ! ኋላ ያላችሁ ድምፁ ይደርሳችኋል? ጥሩ። እዛ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ እኮ፣ ኑ ተቀመጡ፣ አልጠይቃችሁም አትፍሩ። በመጀመሪያ ይሄን መድረክ ያዘጋጃችሁትን ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ፣ በእረፍት ቀን ስለ አይጥና ስለ ጥንቸል ልስማ ብሎ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፣ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ በየመሀሉ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።

እሺ። ርዕሱ ፖፑሌሽን ኢኮሎጂ ነው፣ ኢኮሎጂ ማለት ሕይወት ያለው ነገር እርስ በርሱና ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያጠና ትምህርት ነው። ፖፑሌሽን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሰው ቆጠራ ነው የሚመጣለት። በዚህ ትምህርት ግን አንድ ቦታ አብሮ የሚኖርና እርስ በርሱ የሚራባ የአንድ ዝርያ ስብስብ ሁሉ ፖፑሌሽን ነው፣ አይጡም፣ ዛፉም፣ ባክቴሪያውም። እና የዚህ ትምህርት ትልቁ ጥያቄ አንድ ነው፦ ለምንድነው የሚቆመው? እስቲ አስቡት፣ አንድ ባክቴሪያ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ሁለት ይሆናል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። በዚሁ ከቀጠለ በአንድ ቀን ውስጥ ክብደቱ ከ4 ሺህ ቶን ያልፋል፣ ሁለት ቀን ሳይሞላው ደሞ የመሬትን ክብደት ያክላል። የመሬትን! ስሌቱን ቤት ሄዳችሁ ሞክሩት፣ ካልኩሌተር ይበቃል። ግን ይሄው እዚህ ቁጭ ብለናል፣ በባክቴሪያ አልተዋጥንም። አንድ የሚያቆመው ነገር አለ ማለት ነው። ሁልጊዜ አለ።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ የሚያቆም ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ሁለተኛ ምን ምን እንደሚያቆም፣ ሦስተኛ ደሞ ዋናው፣ እንስሳውን ሲገድለው የምናየው ነገርና ቁጥሩን የሚወስነው ነገር አንድ አለመሆናቸውን። እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው መቆየት የምፈልገው፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ። አልፋለሁ ብዬ እንደማላልፍ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

አንደኛው። ቤሪንግ ባህር ላይ፣ አላስካና ሩሲያ መሀል፣ ሴንት ማቲው የምትባል ደሴት አለች። ሰው የማይኖርባት፣ ንፋስና ብርድ ብቻ። በ1944 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላለቀም፣ የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጠባቂዎች እዛ የሬድዮ ጣቢያ ነበራቸው፣ እና ስንቅ የሚያመጣው መርከብ ቢቀር ወታደሮቹ የሚበሉት እንዳያጡ ተብሎ 29 ሬንዲር፣ ያው የበረዶ አገር አጋዘን በሉት፣ ተጭኖ መጥቶ ተለቀቀ። ጦርነቱ አለቀ፣ ወታደሮቹ ወጡ፣ አጋዘኖቹ ቀሩ። ተኩላ የለ፣ ድብ የሚያሳድዳቸው የለ፣ አዳኝ የለ። መሬቱ ደሞ ለዘመናት ማንም ያልጋጠው ላይከን ተነጥፎበታል፣ ላይከን ማለት ድንጋይና አፈር ላይ የሚበቅለው ሽበት የመሰለ ነገር፣ አጋዘን ክረምቱን የሚያልፈው በሱ ነው።

ዴቪድ ክላይን የሚባል ባዮሎጂስት በ1957 ሄዶ ሲቆጥር 1,350 ሆነዋል፣ ሁሉም ድንቡሽቡሽ ያሉ። በ1963 ሲመለስ ስንት አገኘ? 6,000! ከ29 ተነስቶ፣ ሃያ ዓመት እንኳን ሳይሞላው። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ይሄን ቢያይ በደስታ ያጨበጭባል። ክላይን ግን ያየው ሌላ ነው፣ የሴቶቹ ክብደት ከበፊቱ 38 ከመቶ፣ የወንዶቹ 43 ከመቶ ቀንሷል። ላይከኑ በየቦታው ተግጦና ተረግጦ አልቋል። ላይከን ደሞ እንደ ሳር ዝናብ ሲመጣ ብቅ አይልም፣ ተመልሶ ለመብቀል አሥርት ዓመታት ይፈልጋል።

ከዛ ከ1963 ወደ 1964 የሚያሻግረው ክረምት ከባድ ሆነ። ክላይን በ1966 ደሴቷ ላይ ሲደርስ መሬቱ አጽም በአጽም ነው። በሕይወት ያሉት 42 ናቸው። ከነሱ 41ዱ ሴት፣ አንዱ ብቻ ወንድ፣ እሱም ቀንዱ የተበላሸ፣ ማስረገዝ የሚችል የማይመስል። ጥጃ አንድም የለም። በ1980ዎቹ ደሴቷ ላይ አጋዘን የሚባል ነገር ጠፋ፣ አለቀ።

አሁን እስቲ ንገሩኝ፣ እነዚህን አጋዘኖች ምን ገደላቸው? ... አዎ፣ እዚህ ጋ "በረዶው" ያለ ሰው ሰማሁ። ልክ ነው፣ የገደላቸው በረዶው ነው። ግን ደሴቷ ላይ በረዶ ሲወርድ ያኔ የመጀመሪያው ነው እንዴ? ከዛ በፊት በነበሩት ክረምቶች ሁሉ በረዶ ነበረ፣ እነሱ ግን ስብ ስለነበራቸውና ሆዳቸው የሚሞላ ላይከን ስለነበረ ያልፉት ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደሷ እመጣለሁ።

ወደ ሁለተኛው። ምን ምን ያቆማል? መጽሐፍ ላይ ረጅም ዝርዝር አለ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ቦታ፣ ጎጆ፣ ብርሃን፣ በሽታ፣ አዳኝ፣ ድርቅ፣ እሳት፣ ብርድ፣ የራስ ቆሻሻ። ተማሪ ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፣ ይረሳዋል። እኔ ዝርዝሩን ተዉት ነው የምለው። ሁለት ነገር ብቻ ከያዛችሁ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል።

አንዱ፣ የሚገድበው ሁልጊዜ ከሚፈለገው አንጻር በጣም ያነሰው ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ቢትረፈረፍ ምንም አይጠቅምም። ይሄ ሀሳብ ሊቢግ በሚባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ስም ነው የሚጠራው፣ ቀድሞ የተናገረው ግን ስፕሬንግል የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ነው፣ ያው ዝናውን የወሰደው ጮክ ብሎ የተናገረው ነው፣ ሳይንስ ውስጥም እንዲህ አይነት ነገር አይጠፋም። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ውቅያኖስ ነው። ማዳበሪያ የሚሆነው ናይትሬትና ፎስፌት ሞልቶ የተረፈበት፣ ፀሐይም ያለበት፣ ግን አልጌው፣ ያ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር፣ የማይበቅልበት ሰፊ ሰፊ ባህር አለ። ሰዎች ለብዙ ጊዜ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር። ጆን ማርቲን የሚባል ሰው "ያጣው ብረት ነው" አለ፣ ብዙዎች አላመኑትም። በ1990ዎቹ ፓስፊክ ላይ፣ ከጋላፓጎስ ደሴቶች ወዲያ፣ መርከብ ይዘው ሄደው የሟሟ ብረት ባህሩ ላይ ረጩ፣ በተለይ በ1995ቱ ሙከራ ጥርት ያለ ሰማያዊ የነበረው ውሃ በቀናት ውስጥ አረንጓዴ ሆነ። ማርቲን ግን ሙከራውን ሳያይ በ1993 ሞቷል። ብረት እኮ ነው! ለአንድ አልጌ የሚያስፈልገው ኢምንት ነው፣ ግን እሷ ኢምንት ከሌለች ሌላው ሁሉ ከንቱ።

ሁለተኛው ደሞ፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ አንድን ነገር ባያችሁ ቁጥር "ይሄ ነገር ብዛቱ ሲጨምር ይብሳል ወይስ አይብስም?" ብላችሁ ጠይቁ። ጎርፍ ሲመጣ መቶ አይጥ ይኑር ሺህ አይጥ ይኑር ግድ የለውም፣ ጉድጓዱ ውስጥ የገባውን ሁሉ ይወስዳል። ረሃብ ግን እንደዛ አይደለም። አሥር ሲሆኑ የለም፣ ሺህ ሲሆኑ አለ። ተላላፊ በሽታም እንደዛ፣ ሲጨናነቁ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሮጠው። እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው፣ ጎርፍና ውርጭ መንገድ ላይ ድንገት የተገተረ ድንጋይ ነው፣ መኪናዋ ብትፈጥንም ብታዘግምም ትጋጨዋለች። ምግብ፣ ቦታና በሽታ ግን ፍሬን ናቸው፣ ያውም መኪናዋ በፈጠነች ቁጥር ራሱ አጥብቆ የሚይዝ፣ ስታዘግም ራሱ የሚለቅ ፍሬን። ቁጥርን አንድ አካባቢ ሊያቆይ የሚችለው ፍሬን ብቻ ነው። ድንጋይ ይቀንሳል እንጂ አያረጋም። ቬርሁልስት የሚባለው የቤልጂየም ሂሳብ ሰው ይሄን በ1838 በአንዲት አጭር ቀመር ጻፈው፣ መጀመሪያ ሽቅብ የሚወጣ፣ ከዛ እየተዘረጋ የሚሄድ መስመር፣ የሚዘረጋበትን ከፍታ ዛሬ ካሪንግ ካፓሲቲ፣ የመሸከም አቅም እንለዋለን። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ አልጽፍም፣ ፊታችሁን እያየሁ ነው።

ግን ይሄን ፍሬን በዓይኔ ያየሁበትን ልንገራችሁ። ተማሪ ሆኜ የፍራፍሬ ዝንብ በጠርሙስ እናረባ ነበር። ጠርሙሱ ታች ላይ ገንፎ የመሰለ ምግብ አለ፣ አፉ በጥጥ ተወትፏል። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጥንድ፣ ሌላው ውስጥ ዝም ብሎ ብዙ። ብዙ የተደረገበት ብዙ የሚወልድ መስሎን ነበር። ትሎቹ ሲፈለፈሉ ገንፎው ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ፣ ሲንቀሳቀሱ ምግቡ ራሱ የሚፈላ ይመስላል። ወደ ሙሽሬነት የሚቀየሩበት ጊዜ ሲደርስ ከመጨናነቁ ለመውጣት የጠርሙሱን ግድግዳ እየወጡ፣ ግማሾቹ ጥጡ ውስጥ ሁሉ ተሰክተው ነበር። ብዙው እዛው ሞተ። ያደጉት ዝንቦች ደሞ፣ አጉሊ መነጽር ስር ከሌላው ጠርሙስ ዝንቦች ጎን ስናስቀምጣቸው፣ ሌላ ዝርያ ነው የሚመስሉት፣ ኩርምት ያሉ ትናንሽ። ትንሽ ሴት ዝንብ ደሞ የምትጥለው እንቁላልም ትንሽ ነው። ልብ በሉ፣ ፍሬኑ የያዘው በሞት ብቻ አይደለም፣ ገና ባልተወለዱትም ላይ ነው የያዘው። ሰው መገደብ ሲባል ሬሳ ነው የሚፈልገው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሬሳ የለም፣ ያልተወለደ ነው ያለው። የሴንት ማቲው አጋዘኖች ላይም ጥጃው ነው አስቀድሞ ማነስ የጀመረው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ገባን። ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ የምኖርበት አንድ የአፓርታማ ግቢ ነበረ። አይጥ ወረረን። ቀልድ አይደለም፣ ማታ መብራት ስታበሩ ደረጃው ላይ ሦስት አራቱ ዞር ብለው ያዩአችኋል፣ አይሮጡም እንኳን። ኮሚቴው ብር ሰብስቦ መርዝ አስረጨ። በማግስቱ የሞተ አይጥ በአካፋ ነው የተሰበሰበው፣ ሁሉም ሰው ተደሰተ፣ አንዷ ጎረቤታችን እንደውም እልል አለች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ምን ሆነ መሰላችሁ? ያው ናቸው። ተመልሰዋል። እንደገና ብር፣ እንደገና መርዝ፣ እንደገና እልልታ፣ እንደገና አይጥ። ዘበኛችን አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ አንድ ቀን እኔን ጠርተው "ልጄ፣ አንተ ይሄን ነገር ተምሬአለሁ ትላለህ አይደል፣ ይሄን ገንዳ ማን ይክደንልን?" አሉኝ። ከኋላ በኩል ክዳኑ የተሰበረ የቆሻሻ ገንዳ ነበረ፣ ትርፍ ምግብ ከላዩ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል፣ ጎኑ ደሞ የተከመረ አሮጌ ጣውላ፣ ለጎጆ የሚሆን። እሳቸው ኢኮሎጂ አልተማሩም፣ ግን ከኮሚቴው በላይ ገብቷቸዋል።

ለምን ተመለሱ? ሂሳቡ ቀላል ነው። ሴት አይጥ የምታረግዘው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፣ በአንዴ ስምንት አካባቢ ትወልዳለች፣ ልጆቿም ሁለት ሦስት ወር ሲሞላቸው ራሳቸው ይወልዳሉ። እናንተ ግማሹን ስትገድሉ ለቀረው ግማሽ ምን አደረጋችሁለት? ምግቡን እጥፍ አደረጋችሁለት! ጎጆውን አሰፋችሁለት! ፍሬኑን ለቀቃችሁለት! አሁን በደንብ ይበላል፣ በደንብ ይወልዳል፣ ልጆቹም አይሞቱበትም። መርዙ ገደለ፣ አዎ፣ ግን የሚገድበው ገንዳው ነበር። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው፣ አጋዘኖቹንም የገደላቸው በረዶው ነው፣ የገደባቸው ግን ላይከኑ ነበር።

ይሄ የኔ ግቢ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1940ዎቹ አሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ዴቪድ ዴቪስና ባልደረቦቹ የአይጥን ነገር በየብሎኩ ቆጥረው አጥንተዋል። አይጦቹን ሲያጠምዱና ሲመርዙ ቁጥሩ ወርዶ ተመልሶ ወደነበረበት ይወጣል። ቆሻሻው ሲጸዳና ቤቱ ሲጠገን ግን ይወርዳል፣ እዛው ወርዶም ይቀራል። ሌላም አስገራሚ ነገር ሞከሩ፣ ብሎኩ ሞልቷል በሚባልበት ጊዜ ከውጭ አይጥ አምጥተው ጨመሩበት። ቁጥሩ ጨመረ? አልጨመረም። የቦታው አቅም ያው ነዋ።

እሺ አይጥ በቃን፣ የምትጠሉትን አወራሁ። ወደ ሴሬንጌቲ እንሂድ፣ ታንዛኒያ። እዛ ያለው ዊልደቢስት፣ ያ ቴሌቪዥን ላይ ወንዝ ሲሻገር የምታዩት፣ በ1961 ገደማ ሩብ ሚሊዮን ነበር። በ1977 ግን 1.3 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ። አንበሳ አልጠፋ፣ ጅብ አልጠፋ፣ ምን ተፈጠረ? የከብት ደስታ የሚባለውን በሽታ ታውቁታላችሁ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ አፍሪካ ገብቶ ከብቱንም የዱሩንም የፈጀው። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸው ሲከተቡ በሽታው ከከብቱ ጠፋ፣ ከከብቱ ሲጠፋ ከዊልደቢስቱም ጠፋ። አንድ ዊልደቢስት ሳይከተብ! ለካ ሲገድበው የኖረው አንበሳው አልነበረም፣ ጎረቤት በረት ውስጥ ያለ ቫይረስ ነው። ይሄ በሽታ በ2011 ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታውጇል፣ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው።

ታዲያ አንዱ ፍሬን ሲለቀቅ ቁጥሩ ማለቂያ ወደሌለው ሄደ? አልሄደም። 1.3 ሚሊዮን አካባቢ ሲደርስ ሌላ ፍሬን ያዘው፣ የበጋ ሳር። እና እዚህ ጋ ነው የምወደው ነገር የሚመጣው። ተመራማሪዎቹ ሜዳው ላይ ሬሳ ይፈልጋሉ። ሬሳው ላይ አንበሳ ወይ ጅብ በልቶበታል። ያየ ሰው "አንበሳ ገደለው" ብሎ ጽፎ ይሄዳል። እነሱ ግን የእግሩን አጥንት ይሰብሩና መቅኔውን ያያሉ። እንስሳ ሲራብ መጀመሪያ የቆዳ ስር ስቡን ይጨርሳል፣ ከዛ የሆድ ዕቃውን፣ መጨረሻ ላይ የቀረችው የአጥንት መቅኔ ናት። የጠገበ እንስሳ መቅኔው ነጭና ጠጣር ነው፣ እንደ ሻማ። ያለቀለት እንስሳ ግን መቅኔው ቀላ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጣት ላይ የሚንሸራተት ዝልግልግ ይሆናል። በበጋ የሚሞቱት አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። አንበሳው የበላው ሊሞት የተቃረበውን ነው። አንበሳው ባይኖር ሳምንት ይቆይ ነበር፣ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ "አንበሳ" ተብሎ የተጻፈው ሞት የሳር ሞት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ አሁን አንዳንዶቻችሁ "አዳኝ እንግዲህ ምንም አያደርግም" ብላችሁ ልትወጡ ነው፣ ቆዩ፣ ቆዩ። አትቸኩሉ። ካናዳ ዩኮን ውስጥ የበረዶ ጥንቸል አለ፣ ቁጥሩ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይወጣል ይወርዳል፣ ሊንክስ የምትባለው የዱር ድመት ደሞ ተከትላ ትወጣለች ትወርዳለች። ሰው ለአሥርት ዓመታት ተከራከረበት፣ ምግብ ነው፣ አይ አዳኝ ነው እየተባለ። ቻርልስ ክሬብስና ጓደኞቹ ክርክሩን ትተው ወደ ጫካ ገቡ። አንድ አንድ ካሬ ኪሎሜትር እየከለሉ፣ አንዱን ቦታ በኤሌክትሪክ አጥር አጥረው ሊንክስና ኮዮቴ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ እንዳይገባ አደረጉ፣ አንዱ ቦታ ምግብ ጨመሩ፣ አንዱ ቦታ ሁለቱንም አደረጉ። ያውም በክረምት ብርዱ ሽቦ በሚሰብርበት አገር፣ ዓመት ከዓመት። ውጤቱስ? አዳኝ የተከለከለበት ጥንቸሉ እጥፍ ሆነ። ምግብ የተጨመረበት ሦስት እጥፍ። ሁለቱም የተደረገበትስ? አምስት እጥፍ የሚል አለ? ስድስት? 11 እጥፍ! ሁለቱ ተደምረው አይደለም የሚሠሩት፣ ተጋግዘው ነው። የራበው ጥንቸል ምግብ ፍለጋ ከቁጥቋጦው ይወጣል፣ ሲወጣ አዳኝ ይበላዋል። ሁልጊዜ የሚሳደድ ጥንቸል ደሞ፣ ባይያዝ እንኳን፣ በጭንቀት ብቻ የሚወልደው ይቀንሳል። ስለዚህ "ምግብ ነው ወይስ አዳኝ" የሚለው ጥያቄ ራሱ የተበላሸ ጥያቄ ነበር ባይ ነኝ።

አንድ የወፍ ነገር ጨምሬ ልለፍ። እንግሊዝ ውስጥ ዋይታም የሚባል ጫካ አለ፣ ግሬት ቲት የምትባል ትንሽ ወፍ ትኖርበታለች። ጆን ክሬብስ፣ ከቅድሙ ክሬብስ ሌላ ሰው ነው፣ በ1970 አካባቢ ጥሩ ጥሩ ግዛት የያዙትን ጥንዶች አነሳቸው። ቦታው ባዶ የሚቀር ይመስላችኋል? ወዲያው ሌሎች ገቡበት፣ ከየት መጡ ሲባል ከጫካው ውጭ ካለው የአጥር ቁጥቋጦ። ቦታ አጥተው ዳር ላይ ይጠብቁ የነበሩ ናቸው። ስንቆጥር የማናያቸው፣ ግን ያሉ። እዛ ጫካ ውስጥ የሚገድበው ግዛት ነው፣ ማለት የራሳቸው ጠብ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ሲበዙ የሚከፋውን ነው። ሲያንሱ የሚከፋም አለ፣ ይሄን መዝለል አልችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። አሊ የሚባል የቺካጎ ሰው በ1930ዎቹ ጎልድፊሽን መርዝ ባለበት ውሃ ውስጥ ሲያደርግ ብቻውን ያለው አሳ ቶሎ ይሞታል፣ በቡድን ያሉት ይቆያሉ፣ መርዙን ተካፍለው ያረክሱታል። በመንጋ የሚያድኑ፣ በመንጋ የሚጠባበቁ፣ በመንጋ የሚፈለፍሉ እንስሳት ከአንድ ቁጥር በታች ሲወርዱ ፍሬኑ አይለቅላቸውም፣ እንደውም ይብስባቸዋል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ተሳፋሪ ርግብ የሚባል ወፍ ነበር፣ ሲበር ሰማይ ይጨልም ነበር ይባላል። አዳኞች ፈጁት፣ ግን የመጨረሻዎቹ ሺዎች የጠፉት ሁሉም በጥይት አይደለም፣ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት መንጋው ሲሳሳ መራባት አቃታቸው። የመጨረሻዋ በ1914 ሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። አይል ሮያል የምትባለው ደሴት ላይ ያሉ ተኩላዎችም እንደዛው፣ በ1980 ሃምሳ የነበሩት ሰው ይዞት በመጣ ውሻ በሽታ በ1982 ወደ 14 ወረዱ፣ ከዛ እርስ በርስ በዘመድ እየተዋለዱ በ2016 ሁለት ብቻ ቀሩ። ሙዝ የሚባለው የሚበሉት ትልቅ አጋዘን ግን በዙሪያቸው ሞልቶ ነበር። ምግብ ሞልቶ ማለቅ ማለት ይሄ ነው። በኋላ ከውጭ 19 ተኩላ ተጨምሮላቸው ነው የዳኑት።

ወረቀት እየደረሰኝ ነው፣ ሁለቱን ላንብብ። የመጀመሪያው "የሰው ልጅስ?" ይላል። ይሄን እንደምትጠይቁኝ አውቅ ነበር፣ ሁልጊዜ ይመጣል። ማልተስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1798 ሰው ከምግብ ቀድሞ ይባዛል፣ ረሃብና በሽታ ይመልሰዋል አለ። ያኔ ሰው አንድ ቢሊዮን እንኳን አይሞላም ነበር፣ በ2022 መጨረሻ 8 ቢሊዮን ሆነናል። እሱ ያላሰበው፣ ሰው ገንዳውን ራሱ ያሰፋል። ሃበር የሚባል ጀርመናዊ በ1909 ከአየር ላይ ናይትሮጂን ይዞ ወደ ማዳበሪያ የሚሆን አሞኒያ መቀየር እንደሚቻል አሳየ፣ ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚሆነው የሚበላው በዚህ ነው። ግን ልብ የምትሉት ሌላ ነገር አለ፣ የእድገቱ ፍጥነት በ1960ዎቹ በዓመት ከ2 ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር፣ አሁን ከ1 ከመቶ በታች ነው። የቀነሰው በረሃብ ነው? አይደለም! በተሻለ የሚበላውና የሚማረው ነው የሚወልደው ያነሰው። አንዲት ሴት በአማካይ አምስት ገደማ ትወልድ የነበረው ወደ ሁለት ከምናምን ወርዷል። የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ትንበያ ቁጥሩ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን አካባቢ ደርሶ መውረድ ይጀምራል ይላል። ስለዚህ ሰውን ከአጋዘኑ ጋር አንድ አድርጎ "ልክ እንደነሱ ነን" የሚል ሰው ስትሰሙ አትደናገጡ። "እኛ ገደብ የለብንም" የሚለውን ግን ጨርሶ አትመኑት፣ ማዳበሪያው ራሱ በነዳጅ ነው የሚሠራው፣ አዲስ ውሃም አዲስ አፈርም ከየትም አልመጣም።

ሁለተኛው ወረቀት "አንበጣስ? እሱ እኮ ሲጨናነቅ ነው የሚብሰው" ይላል። ማን ነው የጻፈው? ... አንቺ ነሽ? ጎበዝ፣ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲሆን ዓይን አፋር፣ ሌላውን የሚሸሽ፣ ማታ የሚበር ነው። ዝናብ ሲጥል ይባዛል፣ ከዛ መሬቱ ሲደርቅ የቀረችው አረንጓዴ ላይ ሁሉም ይሰበሰባል። ሲተራመሱ የኋላ እግራቸው በተደጋጋሚ ሲነካካ በሰዓታት ውስጥ ጠባያቸው ይቀየራል፣ መሸሽ ትተው ይከታተላሉ፣ ቆይቶ ቀለማቸውም ይለወጣል። ድሮ ሁለት ዝርያ ነበር የሚመስለው፣ ኡቫሮቭ የሚባል ሰው ነው በ1921፣ መጀመሪያ በሌላ የአንበጣ ዓይነት ላይ፣ አንድ ናቸው ያለው። ለነሱ መጨናነቅ መውጫ መንገድ ሆኗል ማለት ነው፣ ምግቡ ያለቀበትን ትቶ መብረር። ግን እነሱም ፍሬን አላቸው። እንቁላሉ ለመፈልፈል እርጥብ አሸዋ ይፈልጋል። በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች፣ መኩኑ እና ሉባን፣ የዓረብ በረሃ ላይ ሐይቅ እስኪሠራ ዝናብ ጣሉ፣ ማንም በማይደርስበት አሸዋ ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ፣ በ2019ና በ2020 የታየው መንጋ ከዛ ነው የተነሳው። አውሮፕላን ሲረጭ የምታይው ይገድላል፣ መርጨትም አለበት፣ አንድ ካሬ ኪሎሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ምግብ ይበላል። ቁጥሩ የተወሰነው ግን ከዓመት በፊት አሸዋው ላይ በዘነበው ዝናብ ነው። ስለዚህ ነው የአንበጣ ሰዎች ሳተላይት ላይ መንጋ ሳይሆን በረሃ መሀል ብቅ ያለ አረንጓዴ የሚፈልጉት፣ አረንጓዴው ጋ ደርሰው ክንፍ ሳያወጣ ለመያዝ።

ሰዓቴን አልፌአለሁ መሰለኝ፣ አዘጋጆቹ እያዩኝ ነው። የቀራችሁ ጥያቄ ካለ ውጭ ሻይ ላይ እንገናኛለን። አመሰግናለሁ።